የራስ ላይ እብጠት፦ የሚቆረጠውና የማይነካው



ፀጉር ሲያበጥሩ፣ ሹሩባ ሲሠሩ ወይም ልጅ ሲያጥቡ ጣትዎ የራስ ቅል ላይ እብጠት አግኝቶ ያውቃል? አንዳንዱ ሽምብራ ያህላል፤ አንዳንዱ አድጎ የእንቁላል ግማሽ ይሆናል። ለዓመታት ዝም ብሎ ይቀመጥና አንድ ቀን ይቀላል፣ ይግላል፣ ትራስ ላይ ራስን ማሳረፍ እስኪያቅት ድረስ ያማል። የእኛ ልማድ ደግሞ መሸፈን ነው፤ ሴቷ በሻሽ፣ ሽማግሌው በቆብ፣ ልጁ በኮፍያ። የተሸፈነ ነገር ግን አይታከምም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እንደ እናንተው ከኢትዮጵያ መጥቼ፣ እዚህ ተምሬ በማኅበራዊ ሠራተኝነት የምሠራ ነኝ። ከቤተሰቦች ጋር ሐኪም ቤት ስመላለስ ከሐኪሞች የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የአንዲት እናትንና የልጇን ጉዳይ ተከትዬ እሄዳለሁ። ስማቸውንና ሰፈራቸውን አልጠቅስም፤ እናቲቱ ግን «ለሌላው ትምህርት ይሁን» ብላ ፈቅዳልኛለች።

በአንድ ቤት ሁለት እብጠት

ወደ ቤታቸው የሄድኩት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ የኪራይ እርዳታ ወረቀት ለመሙላት። ወሩ ሐምሌ ነው፣ ቤቱ ይሞቃል። የስድስት ዓመቱ ልጅ ግን የሹራብ ኮፍያ አጥልቆ ተቀምጧል። «በዚህ ሙቀት ለምን አታወልቂለትም?» ስላት እናቱ ዝም አለች። ኮፍያው ሲነሳ ከጆሮው በላይ የቡና ሲኒ አፍ የሚያህል ቀይ እብጠት አየሁ። ሲነኩት ረግረግ ይላል፤ ከብዙ ትንንሽ ቀዳዳዎች መግል ይወጣል፤ በላዩ የነበረው ፀጉር ተበጣጥሶ አልቋል። ከአንገቱ ኋላም ንፍፊት ወጥቶበታል። እንዲህ ከሆነ አምስት ሳምንት አልፎታል።

እናቲቱ «ከእኔ የወረሰው ነው» አለችኝ። እጄንም ይዛ ከሻሿ ሥር አስገባችው። ሁለት እብጠት ዳሰስኩ፤ ድብልብል ያሉ፣ ጠንከር ያሉ፣ ገፋ ሲያደርጓቸው ከቆዳው ሥር የሚንሸራተቱ። አንደኛውን ከሰሞኑ ማበጠሪያ ነክቶት ቀልቷል፤ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳታል። «እናቴም ነበራት፤ አንድ አዋቂ በምላጭ ቀዶ አወጣላት። እዚህም የሚያውቅ ሰው አግኝቻለሁ። በሚመጣው ሳምንት ለልጁም ለእኔም ያወጣልናል» አለች።

ስለ እናቷና ስለ ራሷ የተናገረችው እውነት ነበር፤ የእርሷ እብጠት የዘር ነው። ስለ ልጇ ግን ተሳስታ ነበር፤ ምላጩ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚጎዳው ልጁ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገርም ይኸው ነው። ራስ ላይ የሚወጣ እብጠት ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። አንዱ በሐኪም እጅ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሌላው በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል እንጂ ስለት አይነካውም። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቀው ደግሞ ሐኪም ነው።

በኢትዮጵያ ጎዳና የሰማሁት

የቆዳ ሐኪም ቶር ያገኘነው በኢየሩሳሌም መሐል ከተማ ነበር። በቀላሉ ባቡር እስከ ዳቪድካ ሄደን፣ ከዚያ በሬሖቭ ሀነቪኢም፣ ማለትም በነቢያት ጎዳና፣ በእግር ቀጠልን። ሰዓቱ ገና ስለ ነበር ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍን።

ይህን ጎዳና ገና ላላያችሁት፣ ከነቢያት ጎዳና የሚገነጠል፣ ግራና ቀኙ በድንጋይ አጥር የተያዘ ጠባብ መንገድ ነው። ስሙን ያገኘው በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተፈጸመው ከክቡ የደብረ ገነት ቤተ ክርስቲያን ነው። ዕብራይስጥን ለዕለት ንግግር ለማብቃት የደከመው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳም በዚሁ ጎዳና ኖሯል። የነቢያት ጎዳና ደግሞ በዘመኑ የሐኪም ቤቶች መንገድ ነበር። የሮትሽልድ ሆስፒታል በዚህ አገር አቆጣጠር በ1888 ተከፍቶበታል፤ የእንግሊዞችና የጀርመኖች ሆስፒታሎችም ነበሩበት።

ከአጥሩ ጥላ ሥር አረፍ እንዳልን እናቲቱ እውነተኛውን ምክንያት ነገረችኝ። አምስት ሳምንት የዘገየችው ቸል ብላ አልነበረም። ከበላያቸው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ በልጅነታቸው ከሞሮኮ የመጡ አሮጊት ጎረቤት አሉ። የልጁን ራስ ሲያዩ ደነገጡ። የራሳቸውን ሻሽ ገልጠው የሳሳውን ፀጉራቸውን አሳዩዋትና «እኔንም በልጅነቴ ለዚሁ ነገር ብለው ራሴን አቃጠሉት፤ ልጅሽን እንዳትሰጪ» አሏት።

«ታዲያ ጎረቤቴ ዋሹኝ ትያለሽ፣ እህቴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ጎረቤቲቱ አልዋሹም

አልዋሹም። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ ወደ እስራኤል ከመጡት ልጆች ብዙዎቹ የራስ ቆዳ ፈንገስ ነበረባቸው። በዕብራይስጥ ጋዜዜት ይባላል። በዚያን ጊዜ ለዚህ በሽታ የሚዋጥ መድኃኒት አልነበረም። በብዙ አገሮች ይሠራበት የነበረው ሕክምና የልጁን ራስ፣ ፀጉሩ እስኪረግፍ ድረስ፣ በራጅ ጨረር መምታት ነበር። በእስራኤል ወደ 20,000 የሚገመቱ ልጆች ይህን ጨረር ተቀብለዋል። ብዙዎቹም የሚደረገው ነገር ለወላጆቻቸው በሚገባቸው ቋንቋ እንዳልተነገረ ይመሰክራሉ።

በ1974 ፕሮፌሰር ባሩክ ሞዳንና ባልደረቦቻቸው ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ጥናት አወጡ። በልጅነታቸው ጨረር የተቀበሉት ሰዎች በራስና በአንገት ላይ በሚወጡ ዕጢዎች ከሌላው ሰው ይልቅ እንደሚያዙ አሳዩ። በ1994 ደግሞ ክኔሴት፣ ከ1946 እስከ 1960 ባለው ጊዜ በጨረር ታክመው ለተጎዱ ሰዎች ካሣ የሚሰጥ ሕግ አወጣ። ስለዚህ ጎረቤቲቱ የተናገሩት በራሳቸው ላይ የደረሰውን ነው።

ይህን ሁሉ ለእናቲቱ ሳልደብቅ ነገርኳት። ፍርሃትን «ዝም በይ፣ እንዲህ ያለ ነገር የለም» ብሎ ማስወጣት አይቻልምና። ከዚያ የታሪኩን ሌላ ግማሽ ጨመርኩላት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ላይ ግሪሴኦፉልቪን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒት ሥራ ላይ ዋለ፤ ጨረሩም እየቀረ ሄደ። ዛሬ የራስ ፈንገስ በጨረር አይታከምም።

«እንግዲያስ ሐኪሟን ራሴ እጠይቃታለሁ» አለች። እንደ ገባንም መጀመሪያ የጠየቀችው «ጨረር አለበት ወይ?» ብላ ነው። ሐኪሟ ጥያቄውን አልናቀችም። ታሪኩን ታውቀዋለች። «የለበትም፤ የሚዋጥ መድኃኒትና ሻምፑ ብቻ ነው» አለቻት።

የልጁ እብጠት፦ ቆረቆር ሲያብጥ

ሐኪሟ ከእብጠቱ ዳር የተሰበረ ፀጉርና ቅርፊት ወስዳ ወደ ላቦራቶሪ ላከች። በሽታው በአገራችን ቆረቆር የምንለው ነው። ፈንገሱ ወደ ፀጉሩ ውስጥ ይገባል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ይሰበራል፤ ራስ ላይ ክብ ክብ ባዶ ቦታ፣ ቅርፊትና ማሳከክ ይታያል። በአንዳንድ ልጅ ላይ ሰውነቱ ፈንገሱን አጥብቆ ሲዋጋ ቦታው ያብጣል፣ ይመግላል፣ ያማል። ሐኪሞች ይህን ኬሪዮን ይሉታል።

ኬሪዮን ብጉንጅ ይመስላል፤ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው። ብጉንጅ ሲበስል ሐኪም በስቶ መግሉን ቢያወጣው ሕመሙ ይቀንሳል። ኬሪዮንን መብሳትና መቅደድ ግን አያድነውም፤ ጠባሳ ይጨምርበታል እንጂ። አንቲባዮቲክ ብቻውን አያድነውም። ቅባት ብቻውንም አይበቃም፤ ፈንገሱ ያለው ከፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለ ሆነ ቅባቱ አይደርስበትም።

የሚያድነው የሚዋጥ የፈንገስ መድኃኒት ነው፤ ግሪሴኦፉልቪን ወይም ተርቢናፊን። እንደ መድኃኒቱና እንደ ፈንገሱ ዓይነት ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ግሪሴኦፉልቪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር፣ ለምሳሌ ከወተት ጋር፣ ቢወሰድ ወደ ሰውነት በደንብ ይገባል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። አንደኛ፣ መግሉ ሲደርቅ «ዳነ» ብለው መድኃኒቱን አያቁሙ፤ ፈንገሱ ተመልሶ ይመጣል። ሁለተኛ፣ የላቦራቶሪው መልስ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ሐኪሙ መልሱን ሳይጠብቅ መድኃኒቱን ሊጀምር ይችላል። ይህ ችኮላ አይደለም። እብጠቱ በቆየ ቁጥር የፀጉሩ ሥር ይሞታል፤ የሞተ ሥር ደግሞ ዳግመኛ ፀጉር አያበቅልም።

ቆረቆር የቆሻሻ ቤት ምልክት አይደለም፤ ማንም አይፈርበት። በኢትዮጵያ በብዛት የሚገኘው ዓይነት ትሪኮፊቶን ቫዮላሲየም ይባላል፤ ከሰው ወደ ሰው በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ በትራስ፣ በፀጉር ማስተካከያ መኪና ይተላለፋል። ሌላ ዓይነት ደግሞ ከድመት ይመጣል፤ የኢየሩሳሌም መንገዶች ድመት እንደሚበዛባቸው ታውቃላችሁ። ስለዚህ አንድ ልጅ ሲታመም ወንድሞቹና እኅቶቹም ይታዩ። ማበጠሪያና ኮፍያ ለየብቻ ይሁን፤ የትራስ ልብስ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ፈንገስ የሚገድለው ሻምፑ ለሌላው እንዳይተላለፍ ይረዳል። ልጁ መቼ ወደ ጋን ወይም ወደ ትምህርት ቤት እንደሚመለስ ሐኪሙን ጠይቀው ወረቀት ያስጽፉ።

የእናቲቱ እብጠት፦ ከረጢቱ

የእናቲቱ ጉዳይ ሌላ ነው። ሐኪሟ ዳስሳ «ጺስታ» አለች። ይህ ከቆዳው ሥር ያለ ከረጢት ነው። ከፀጉር ሥር ሽፋን ይነሣል፤ ውስጡ ኬራቲን በሚባለው፣ ፀጉርና ጥፍር በሚሠሩበት ነገር ይሞላል። ፒላር ጺስታ የሚባለው ይህ ዓይነት ከአሥሩ ዘጠኙ የሚወጣው ራስ ላይ ነው። በጎልማሳ ዕድሜና በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ብዙ ጊዜም ከአንድ በላይ ሆኖ ይገኛል። በዘር ይሄዳል፤ ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከመመታት፣ ከቅቤ ወይም ከሰው ዓይን የመጣ አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

ይህ ከረጢት በአብዛኛው ሕመም የለውም፤ ካላስቸገረዎት መተው ይቻላል። የሚያመው ሲመታ፣ ማበጠሪያ ሲይዘው፣ ወይም ከቆዳው ሥር ሲፈነዳ ነው። ሲፈነዳ በውስጡ ያለው ነገር ወደ ሥጋው ይፈስሳል፤ ሰውነትም እንደ እንግዳ ነገር ይዋጋዋል፤ ስለዚህ ይቀላል፣ ይግላል፣ ያብጣል። መቅላቱ ሁሉ የጀርም ምልክት አይደለም። ሐኪም ለእያንዳንዱ አንቲባዮቲክ የማያዝዘው ለዚህ ነው።

ሲያምዎት ቤት ውስጥ ይህን ማድረግ ይችላሉ። ንጹሕ ጨርቅ በሞቀ ውኃ፣ በማያቃጥል፣ ነክረው ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል በቀን ሦስት አራት ጊዜ ያኑሩበት። ሌላ በሽታ የማይከለክልዎ ከሆነ እንደ አካሞል ያለ የሕመም ማስታገሻ ይውሰዱ። ሹሩባውን ይፍቱት፤ ቆዳውን የሚወጥር ሹሩባ ሕመሙን ያብሰዋል። በቀላው ወይም በቆሰለው ላይ ቅቤም ቅባትም አይቀቡ። አይጭመቁት፤ ቢጨምቁት ወደ ውስጥ ይፈነዳል። በመርፌም በምላጭም አይንኩት። በብዙ ሰው ላይ የሠራ ምላጭ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል።

ምላጩ ሌላም ጉድለት አለበት። እናቲቱን «ለእናትሽ ከተቀደደ በኋላ ዳነላት?» ብዬ ጠየቅኳት። «ለጊዜው ጎደለ፤ በሁለት ዓመቱ ተመልሶ መጣ» አለች። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የወጣው እንደ ቆየ አይብ ያለው የውስጡ ነገር ነው፤ ከረጢቱ ቀርቷል። ከረጢቱ እስካለ ድረስ ዳግመኛ ይሞላል።

የሐኪሙ ሥራ ከረጢቱን ከነሥሩ ማውጣት ነው። ቀልቶ ባለበት ጊዜ ግን ከረጢቱ ከሥጋው ጋር ስለሚጣበቅ በሙሉ አይወጣም። ስለዚህ መግል ካለው በስተው ያፈስሱታል፤ ከዚያ እስኪበርድ ጥቂት ሳምንታት ይጠበቃል። ወገኖቻችን እዚህ ላይ ይከፋቸዋል፤ «አሞኝ ሄጄ መልሰው ሰደዱኝ» ይላሉ። መልሰው የሰደዱዎት ሥራው በደንብ እንዲሠራ ነው። የሁለተኛውን ቀን ቶር ግን ሳይዙ አይውጡ።

ቀኑ ሲደርስ የሚደረገው ይህ ነው። ቦታውን ብቻ የሚያደነዝዝ መርፌ ይወጋሉ፤ መርፌው ለአፍታ ያቃጥላል፤ ከዚያ መነካቱ እንጂ ሕመሙ አይሰማዎትም። ቆዳው በጥቂቱ ይከፈትና ከረጢቱ ይወጣል፤ ከዚያ ይሰፋል። ብዙውን ጊዜ ሥራው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ይወስዳል፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሄዳሉ። ስፌቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይወጣል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወይም ስኳር ካለብዎት ከዚያ በፊት ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሚያስደነግጡ ሦስት ቃላት

ብዙ ፍርሃት የሚመጣው ከበሽታው ሳይሆን ከቃሉ ነው። በአማርኛ «ዕጢ» ስንል ብዙ ሰው ካንሰር ይመስለዋል። ዕብራይስጡ ግን ይለያል። «ጺስታ» ከረጢት ነው፤ «ጊዱል» ማለት ደግሞ በራሱ የሚያድግ ዕጢ ነው፤ እርሱም ቢሆን ሁሉም ካንሰር አይደለም። የሰሙት የትኛውን እንደ ሆነ ደግመው ይጠይቁ።

ሦስተኛው ቃል «ፒትሪያ» ነው። በዕብራይስጥ ፈንገስም እንጉዳይም በዚህ ቃል ይጠራሉ። ገና ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ ለአንድ አባት ሳስተረጉም «ልጅህ ራሱ ላይ እንጉዳይ አለበት» አልኩት። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝና ልጁን ይዞ ወጣ። እስኪመለስ ድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀ። ስሕተቱ የእኔ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው ግን ልጁ ነው። ከዚያ ወዲህ ያልገባኝን ቃል ሳልጠይቅ አልተረጉምም።

የተቆረጠው ከረጢት ወደ ላቦራቶሪ ሲላክም አይደንግጡ። ማረጋገጫ ነው። የፒላር ጺስታ ወደ ካንሰር መለወጥ እጅግ ብርቅ ነው፤ ሆኖም ውጤቱን መጥተው ይውሰዱ።

ስለ ወጣት ወንዶችም አንድ ቃል። ፀጉራቸውን በመኪና እስከ ቆዳው የሚላጩ ልጆች ማጅራታቸው ላይ ትንንሽ የሚያም ጠጠር ሊወጣባቸው ይችላል። ይህ ከረጢት አይደለም። የፀጉሩ ሥር ይቆጣል፤ ከዘገየም ወደ ወፍራም ጠባሳ ይለወጣል። እስከ ቆዳ መላጨቱን ትተው ጠጠሩ ትንሽ ሳለ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። በሌላውም ዕድሜ ቢሆን ብጉንጅ እየደጋገመ የሚወጣበት ሰው የደም ስኳሩን ይመርመር።

ቀጠሮ የማይጠብቅ

ቶር ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ፣ ወይም ወደ ሚዮን መሄድ የሚገባዎ እነዚህን ሲያዩ ነው፦

ከእብጠቱ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ሲመጣ፤ መቅላቱ ወደ ፊት፣ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ሲስፋፋ፤ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ ወይም የአንገት መገተር ሲኖር፤ ልጅ ወድቆ እብጠት ወጥቶበት እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ወይም ሲያስታውክ።

እነዚህ ደግሞ ሚዮን ባያስኬዱም አይዘገይባቸውም፤ በሳምንታት ውስጥ በፍጥነት የሚያድግ፣ ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ፣ የማይድን ቁስል ያለው ወይም የሚደማ እብጠት። ሕፃን ከተወለደ ጀምሮ በራሱ መሐል መስመር ወይም በቅንድቡ አጠገብ እብጠት ካለውም ማንም እንዳይነካው። አንዳንዱ ከራስ ቅል ውስጥ ጋር የተገናኘ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ ፎቶ መነሣት አለበት። ለቲፓት ሐላቭ ነርሷ ወይም ለልጆች ሐኪም ያሳዩ።

እንዴት ይኬዳል? ምን ይጠየቃል?

ከ1995 መግቢያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጤና መድን ሕግ መሠረት የአገሩ ነዋሪ ሁሉ ከአራቱ ቁፓት ሖሊም በአንዱ ይታከማል፤ እነርሱም ክላሊት፣ ማካቢ፣ መኡሔዴትና ሌኡሚት ናቸው። መጀመሪያ ለቤተሰብ ሐኪምዎ ያሳዩ። የቆዳ ሐኪም ለማየት ሃፍናያ ያስፈልግ እንደ ሆነ በቁፓዎ ቢሮ ይጠይቁ፤ በብዙ ቦታ ያለ ሃፍናያ ቶር ይያዛል። ሆስፒታል ከላኩዎት ቶፌስ 17 የሚባለውን የክፍያ ወረቀት ሳይዙ አይሂዱ። ቶሩ ሩቅ ከሆነና ልጁ መግል ካለው «ዱሑፍ»፣ ማለትም አስቸኳይ፣ ብሎ እንዲጽፍልዎ የቤተሰብ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በ1996 የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ደግሞ ከማንኛውም ሕክምና በፊት በሽታው ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚደረግልዎ፣ ምን ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችልና ሌላ ምን አማራጭ እንዳለ ሊነገርዎ እንደሚገባ ያዝዛል። ሌላ ሐኪም የማማከር መብትም አለዎት። ያልገባዎት ወረቀት ላይ አይፈርሙ። ጎረቤቲቱ በልጅነታቸው ያላገኙት ይህንን ነው፤ እናንተ ግን አላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

ለአስተርጓሚነት ልጆቻችሁን አታቁሙ። የአሥር ዓመት ልጅ የእናቱን በሽታ ሲያስተረጉም ከአፉ የሚወጣው ቃል ሁሉ ልቡ ውስጥ ይቀራል። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት ለታካሚው በቋንቋው እንዲደርሱለት ታዘዋል፤ ስለዚህ «በአማርኛ የሚያስተረጉም እፈልጋለሁ» ማለት ልመና አይደለም። ሻሽ ማውለቅ የሚከብዳት እናት ሴት ሐኪም እንዳለች ትጠይቅ፤ በሩ እንዲዘጋም ትንገር።

ልጁና እናቱ ዛሬ

ልጁ መድኃኒቱን ስምንት ሳምንት ከወተት ጋር ወሰደ። እናቱ አንድም ቀን አላጎደለችበትም። መግሉ ደረቀ፣ ንፍፊቱ ጠፋ፣ ፀጉሩ በአብዛኛው ተመልሶ በቀለ። በአንድ ሳንቲም ልክ ያህል ቦታ ግን ባዶ ቀርቷል፤ ያ አይበቅልም። አምስቱ ሳምንት የወሰዱት ያንን ነው። እናቱ ስታበጥረው ጎኑን ወደዚያ ታደርግለታለች።

እርሷም በተራዋ ሁለቱን ከረጢቶች አስወጣች። «አሳዩኝ» ብላ ጠየቀች፤ አሳዩዋት። እንደ ተላጠ ነጭ ሽንኩርት ነጭና ድብልብል ናቸው። «ይህን ይዛ ነው እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተሸማቀቀችው?» አለችኝ።

ወደ ቤት ስትመለስ አስቀድማ የሄደችው ወደ ላይኛው ፎቅ ነው። ጎረቤቲቱ የልጁን ራስ በሁለት እጃቸው ይዘው አገላብጠው አዩት። «ጨረር የለም?» «የለም፣ እማማ።» አሮጊቷ ጥቂት ዝም አሉ፤ ከዚያ ለልጁ ከረሜላ አመጡለት።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን ስታጥቡ ጣቶቻችሁን በፀጉራቸው ውስጥ አሳልፉ። የራሳችሁንም ዳስሱ። አንድ ነገር ካገኛችሁ ሻሹንና ኮፍያውን አውልቃችሁ ለሐኪም አሳዩ፤ የምትፈሩትንም ነገር ሳታፍሩ ጠይቁ።